ውኃና ማዳበሪያ ሲመጣጠኑ
(በመጠለያ ጣቢያችን ትምህርት ቤት ለጓሮ አትክልት ቡድን አባላትና ለወላጆች ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አንዳንድ ወጣቶች «ሣር እንኳ በማይበቅልበት ቦታ ስለ ፖም መማር ምን ይጠቅመናል?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መሬታችንን ትተን መጥተናል፤ የግብርና ሙያችንን ግን እዚህ ልንረሳው አይገባም። እዚህ ከተወለዱት ልጆቻችን ብዙዎቹ ሞፈርና ቀንበርን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ነገ አገር ቤት ቢመለሱም ሌላ አገር ቢሄዱም ውኃንና ማዳበሪያን ማመጣጠን የሚችል እጅ ሥራ አያጣም።

ምሳሌያችንን ከቻይና እንውሰድ። በቢጫ ወንዝ መካከለኛ ተፋሰስ ከ600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ደረቅ ደጋ አለ። አፈሩ ነፋስ ያመጣው ብናኝ ስለሆነ ጥልቅና ልል ነው። በፖም ምርቱ የታወቀው የሻአንሺ ክፍለ ሀገር በከፊል በዚህ ደጋ ላይ ይገኛል። በብዙው ስፍራ የዓመቱ ዝናብ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛው የሚወርደውም እንደ እኛ ክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ተማሪዎች እንደምታስታውሱት 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 500 ሚሊ ሜትር ማለት ለአንድ ካሬ ሜትር ለዓመቱ በሙሉ 25 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ዛፉ በሚያዝያ ሲያብብና ፍሬ ሲይዝ ግን ዋናው ዝናብ ገና አልመጣም።

ብዙ ገበሬዎች ምርት ለመጨመር ሲሉ ዛፉ ከሚፈልገው በላይ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ይጨምራሉ። ሥር ግን ናይትሮጅንን የሚያገኘው በውኃ ሟሙቶ ነው። ደረቅ አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ አሞኒያ ወደሚባል አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል፤ የቀረውም ሥሩን ሊያቃጥል ይችላል። ውኃው ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ናይትሬት የሚባለውን ውህድ አጥቦ ሥር ከማይደርስበት ጥልቀት ያወርደዋል። በዚያ ደጋ የፖም እርሻዎች ሥር ብዙ ሜትር ወርዶ የተከማቸ ናይትሬት ተገኝቷል። ይህ ከጉድጓድ ውኃ ጋር በብዛት ከተቀላቀለ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን በበቂ እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል።

ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ውኃ እያለም ቢሆን ናይትሮጅን ሲበዛ ጥሩ አይደለም። ዛፉ ቅጠልና ቀንበጥ ያበዛል፤ ፍሬው ቶሎ አይቀላም፤ ጎተራ ውስጥም አይቆይም። ናይትሮጅን ሲያንስ ደግሞ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬውም ያንሳል። መፍትሔው ማዳበሪያውን ከፋፍሎ መስጠት፣ ከተቻለም በጠብታ መስኖ ከውኃው ጋር አሟሙቶ በጥቂት በጥቂቱ ማድረስ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀምና የዛፉን ሥር በጭድ መጎዝጎዝ ነው።

በአገራችንም በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ፣ ገበሬዎች ፖም ያመርታሉ። ፖም ብርድ ስለሚፈልግ እዚህ ቆላ ውስጥ ፍሬ አይሰጠንም። ሕጉ ግን ለጎመናችንና ለቲማቲማችንም ያው ነው።

አንደኛ፣ ዩሪያ በደረቅ መደብ ላይ አይበተን። አፈሩ አስቀድሞ ይራስ፤ ማዳበሪያው ከግንዱ ራቅ ብሎ በአፈር ይሸፈን፤ ከዚያም በልክ ይጠጣ።

ሁለተኛ፣ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ንጹሕ ናይትሮጅን ይዟል። ኃይለኛ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ለሁለት ለሦስት ጊዜ እንክፈለው። ከልጆች እጅና ከውኃ መቅጃ እናርቀው።

ሦስተኛ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ካለ እሱን እናስቀድም፤ ምግብም ይሰጣል፣ እርጥበትም ይይዛል።

አራተኛ፣ መደቡን በደረቅ ሣር እንጎዝጉዝ። ተሰልፈን የቀዳነውን ውኃ ፀሐይ እንዳይጠጣብን።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ትንንሽ መደቦች እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። ለሦስቱም እኩል ውኃ ይሰጥ። አንዱ ያለ ማዳበሪያ፣ አንዱ ጥቂት ተከፋፍሎ፣ ሦስተኛው ያው መጠን በአንድ ጊዜ ተሰጥቶት ይታይ። ተማሪዎች በየሳምንቱ ቁመቱንና የቅጠሉን ቀለም በደብተር ይጻፉ። አገር ቤት ያረሳችሁ አባቶችና እናቶችም ከልጆቹ ጎን ቁሙልን፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን እናንተ ታውቁታላችሁ።