የቤተ ጊዮርጊስ በርና የፔሮቭስካይት ክሪስታል
(በሆጤ፣ ደሴ፣ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከሆጤ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ላሊበላ ደርሶ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሲመለከት፣ በጣራው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎችን ያያል። ክንዶቻቸው እኩል ናቸው። ጣራውን በሐሳቡ ዘጠና ዲግሪ ቢያዞረው ከቀድሞ መልኩ አይለይበትም። አንድ ነገር ተዙሮ ወይም በመስተዋት ታይቶ መልኩ ሳይለወጥ ሲቀር ሲሜትሪ አለው ይባላል። ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባው በምዕራብ በኩል ነው። በሩ ከተቆጠረ የአራቱ አቅጣጫዎች እኩልነት ይቀራል፤ መግቢያ የተገኘውም በዚሁ መጉደል ነው። የፔሮቭስካይት ክሪስታሎችም ነገር እንደዚሁ ነው።

ፔሮቭስካይት የሚለውን ስም ጀርመናዊው ጉስታቭ ሮዘ በ1839 (እ.ኤ.አ.) ከኡራል ተራሮች ለተገኘ የካልሲየም፣ የቲታኒየምና የኦክሲጅን ማዕድን ሰጠው፤ መታሰቢያነቱም ለሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ነበር። ዛሬ ግን ስሙ የአንድ አሠራር መጠሪያ ሆኗል። ፍጹም መልኩ ኩብ ነው፤ ይኸውም ትልቁ አዮን በስምንቱ ማዕዘኖች፣ ትንሹ በመካከል፣ ኦክሲጅኖቹ ደግሞ በስድስቱ ገጾች እምብርት ላይ የሚቀመጡበት ነው። ስድስቱ ኦክሲጅኖች ትንሹን አዮን ከብበው ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይሠራሉ፤ ቅርጾቹም ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ክሪስታሉን ያቆማሉ።

ቪክቶር ጎልድሽሚት በ1926 የአዮኖቹን መጠን በማነጻጸር ኩቡ መቼ እንደሚጸና የሚገመት መለኪያ አወጣ። መለኪያው ወደ አንድ ሲጠጋ ኩቡ ይጸናል። ትልቁ አዮን ለቦታው ካነሰ ግን ስምንት ገጾቹ ቅርጾች ክፍተቱን ለመሙላት ያዘነብላሉ። ስም ሰጪው የካልሲየም ማዕድን ራሱ ያዘነበለ እንጂ ፍጹም ኩብ አይደለም። ሆኖም ማዘንበሉ ልቅ አይደለም፤ ቅርጾቹ ጥርስ ለጥርስ እንደ ተናከሱ መዘውሮች ስለ ተያያዙ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ጎረቤቱ ወደ ግራ መዞር ግድ ይሆንበታል። እንግሊዛዊው ማይክ ግሌዘር በ1972 የማዘንበሉን ዓይነቶች በ23 መደባቸው። በ1998 ሃዋርድና ስቶክስ በሲሜትሪ ሕግ መርምረው በእርግጥ የሚለያዩት አሠራሮች 15 ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። እንግዲህ ሲሜትሪ የሚሆነውን ከማይሆነው አስቀድሞ የሚለይ ሕግ ነው።

የባሪየም ቲታኔት ጠባይ ይህን ያስረዳል። ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ኩብ ነው፤ ስድስቱ አቅጣጫዎች እኩል ስለሆኑ የኤሌክትሪክ ዋልታ በራሱ ሊኖረው አይችልም። ሲቀዘቅዝ ቲታኒየሙ ከመካከል ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ከስድስቱ ወደ አንዱ ያደላል፤ ያን ጊዜ ዋልታ ይወለዳል። በየሬዲዮውና በየስልኩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የሴራሚክ ካፓሲተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ከዚህ ቁስ ነው። እዚህ ላይ የሲሜትሪው መጉደል በር ሆኖ አገለገለ።

ነገር ግን መጉደል ሁልጊዜ አይጠቅምም። የግዕዝ ሊቅ የነበሩት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ በአዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሳሉ በ2004 ከዞንግፒንግ ሻዎ ጋር አንድ ሥራ አሳተሙ። ባሪየም፣ ስትሮንሺየም፣ ኮባልትና ብረት ያሉበትን ፔሮቭስካይት የነዳጅ ሴል ካቶድ አድርገው፣ በ600 ዲግሪ ሙቀት በካሬ ሴንቲሜትር 1,010 ሚሊዋት አገኙ። በዚህ ኩብ ውስጥ ብዙ የኦክሲጅን ቦታዎች ባዶ ናቸው፤ ቦታዎቹም ሁሉ እኩል ስለሆኑ ኦክሲጅን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዘዋወራል። ይሁንና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ቁሱ ከ850 ዲግሪ ገደማ በታች ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ከፊሉ ኩብነቱን ትቶ ባለ ስድስት ጎን አሠራር ይይዛል፤ የኦክሲጅኑም መንገድ ይጠብባል። ኩቡን ለማጽናት ቅመማውን የመለወጥ ጥናት የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሲሜትሪ በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ ለካፓሲተሩ መጉደሉ፣ ለካቶዱ መጽናቱ ይፈለጋል። ይህ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠራ መሐንዲስ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል አይገባም። ከፔሮቭስካይት የተሠሩ የፀሐይ ሰሌዳዎች ወደ ዓለም ገበያ መውጣት ጀምረዋል፤ ለእነርሱ ከሚያገለግሉት ቁሶች አንዱ፣ ፎርማሚዲኒየም ሊድ አዮዳይድ፣ ያለ ማጽኛ ሲቀር በተራ ሙቀት ጥቁሩን መልኩን ለቆ ፔሮቭስካይት ወዳልሆነ ቢጫ ቁስ ይለወጣል። ሻጭ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ነው። ገዢው መሐንዲስ ግን ሊጠይቅ የሚገባው፣ ክሪስታሉ በሥራው ሙቀት ምን መልክ እንደሚይዝና በዚያ መልክ ስንት ዓመት እንደሚጸና ነው። ይህን ሳይጠይቅ የፈረመ እንደሆነ፣ የአገር ገንዘብ ወጥቶበት የተተከለው መሣሪያ ገና በጎልማሳነቱ ይሞታል።