ጉበታችንና የተማሪነት ኑሯችን

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን የአንዱ ዐይን ቢጫ ሆነ። እኛም «የወፍ በሽታ ነው፤ ይህን ሐኪም አያውቀውም» ብለን ቅጠል ቀጥቅጠው ወደሚያጠጡ ሽማግሌ ላክነው። ሐኪም ዘንድ የደረሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ፤ በሰው ተደግፎ ነው። ዛሬ ድኗል፤ ዓመቱ ግን ከሰረበት። ምክሩን የሰጠነው ተማርን የምንል እኛው ነንና ይህ ንግግር ከሁሉ አስቀድሞ ለራሳችን ተግሣጽ ነው።

ጉበት በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፤ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ብልት ነው። ከምግብ የመጣውን ያከማቻል፤ መርዙን ያከሽፋል። ክፉ ጠባዩ፤ ሲጎዳ ቶሎ አለመጮኹ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ከመጠጥ እንራቅ፤ ቢያቅተን እንቀንስ። ጠላውም ጠጁም አረቄውም ስማቸው ይለያይ እንጂ ለጉበት ያው አልኮል ናቸው።

ሁለተኛ፤ የሻገተ አንብላ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው አለቁ። መርዙ አፍላቶክሲን ተባለ፤ ቢቆላም ቢቀቀልም ፈጽሞ አይጠፋም። በአገራችንም በሰሜን ምዕራብ ትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የታየው ሆድ የሚነፋ የጉበት በሽታ ሲመረመር፤ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ተገኘ። እናቶቻችን በሰፌድ እህል ሲለቅሙ የሚያድኑት ጥርስን ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፤ «ለጥናት ነው» እያልን ሌሊቱን በጫት አናንጋ። በሐረር በኩል በዘወትር ቃሚዎች ላይ የጉበት ጉዳት በሐኪሞች ተጽፏል። ቡና ግን ወዳጅ ነው፤ ቡና ጠጪዎች በጉበት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስኳሩን ብቻ እንቀንስ።

አራተኛ፤ ለስላሳ መጠጥ፤ ዘይት የበዛበት ጥብስና ቀኑን ሙሉ መቀመጥ በጉበት ላይ ስብ ያከማቻሉ። ሽሮው፤ ምስሩና ጎመኑ ከካፊቴሪያችን አልጠፉም። እግርም አለን፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንራመድ።

አምስተኛ፤ ምግብ ሁሉን አይከላከልም። ሄፓታይተስ ቢ በደም፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፤ ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም። እንመርመር፤ ነጻ ከሆን እንከተብ፤ ምላጭና የጥርስ ብሩሽም አንዋዋስ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የጓደኛችን ዐይን ቢጫ ሲሆን ያየነው እኛ ነበርን። ወደፊት እንዲህ ያለ ዐይን ስናይ ጓደኛችንን ይዘን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ።