አሞሌና የችግር ጊዜ ገንዘብ



የዛሬው ንግግሬ ገንዘብ ስለ ማከማቸት አይደለም፤ የመግዛት ኃይሉን የጨረሰ ገንዘብ ስለ መሰብሰብ ነው እንጂ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የጀርመን ሕዝብ ሳንቲሙን ደበቀ፤ መንግሥትም ማዕድኑን ለጦር መሣሪያ ፈለገው። ዝርዝር ገንዘብ ከገበያ ቢጠፋ፥ ከተሞችና ፋብሪካዎች «ኖትጌልድ» የተባለውን የችግር ጊዜ ገንዘብ በወረቀት አሳተሙ። በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. ከተሞቹ ግንባቸውን፥ ተረታቸውንና ታሪካቸውን በኅብረ ቀለም እየሣሉ ቢያወጡት ሰብሳቢዎች ተሻሙበት። የቢሌፌልድ ከተማ በሐር ጨርቅ ላይ ሳይቀር አትማለች። ሰብሳቢው ለመመንዘር ስለማይመለስ የከፈለው ዋጋ ለከተማው ትርፍ ሆኖ ቀረ። በ1923 ዓ.ም. የማርክ ዋጋ ፈጽሞ ወደቀ፤ ሥዕሎቹ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ።

በእኛስ አገር? ትልቁ ግዢ በማሪያ ቴሬዛ ብር ሲፈጸም፥ ለዝርዝሩ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተጠርቦ በግመል እስከ ደጋው ግርጌ፥ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ይወጣ ነበር። የአገሬው ሰው ጽጽቃ የሚላት ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጨው ከተጠረበበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር፤ የተሰበረ አሞሌ ግን ዋጋው ይቀንስ ስለ ነበር ነጋዴው በልጥ አሥሮ ይጠብቀው ነበር። በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራ አይቶ ጽፏል።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የእነዚህ ሁሉ ዘመን ወደ ማለቁ አዘነበለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ብሩን አንጥረኛ ለጌጥ አቀለጠው፥ አሞሌውን እኛ በላነው። የጀርመኑ ወረቀት በመዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ አሞሌ ግን እርጥበት ካገኘው ይሟሟል። ከእርሱ ጋር የሚጠፋው የአቆጣጠሩ፥ የአስተሳሰሩና የምንዛሪው እውቀት ነው። ይህንንም በልጅነታቸው ያዩ ሽማግሎች ዛሬ ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ፥ በሥራ ምክንያት ወደ ዋግ ኽምራ የምትወጡ ሠራተኞች ሆይ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ደብተር ሌላ አንድ ደብተር ያዙ። በአንድ ብር ስንት አሞሌ ይመነዘር እንደ ነበር ጠይቁ፤ የነጋሪውን ስም፥ መንደሩንና ቀኑን ጻፉ። አሮጌ ብር በቤታችሁ ቢገኝም ከማን እንደ መጣ መዝግቡ፤ ያበራል ብላችሁም አትፈትጉት። ታሪኩ ያልተጻፈለት አሮጌ ገንዘብ ለወራሹ ተራ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራልና።