ከለቅሶው በፊት እንነጋገር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችንን ስንመሠርት ጭንቀታችን ሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነበር። ዛሬ የእኛም ጸጉር ሽበት ጣል አድርጎበታል፤ ከአገር ቤት ያመጣናቸው ወላጆቻችንም አርጅተዋል። ስለዚህ ስለ እርጅናና ስለ ሞት ጥቂት ብንናገር በዓሉን እናደበዝዛለን ብለን አናምንም።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍለውታል። ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ያድጋል ማለታቸው ነው። የጎልማሳ ጥያቄ «ለሚቀጥለው ትውልድ ምን አተርፋለሁ?» ሲሆን፣ የአረጋዊ ጥያቄ ደግሞ «ኑሮዬ ትርጉም ነበረውን?» የሚል ነው። ሐኪሙ ሮበርት በትለርም እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስረዱት፣ አረጋውያን ያለፈውን ደጋግመው ማንሳታቸው መጃጀት ሳይሆን ሕይወታቸውን መመርመራቸው ነው። ታዲያ እናቶቻችን እኛ ሥራ፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስንውል ቤት ተዘግቶባቸው ሲውሉ፣ ያን ታሪክ ለማን ያውጉት?

ሌላው ጉዳይ ሕመምን መደበቅ ነው። «ይደነግጣሉ» ብለን የሐኪሙን ቃል ለታማሚው አንነግርም። ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት መጽሐፍ እንደገለጹት ግን፣ ለሞት የተቃረቡ ሕመምተኞች ባይነገራቸውም ይረዱታል፤ የሚጎዳቸው ብቻቸውን መሸከማቸው ነው። እኛም ከራሳችን ተምረናል። አንድ አባታችን ለወራት ታመው ሲተኙ ሁላችንም «ይሻልዎታል» እያልን ተመለስን። ባረፉ ጊዜ ግን «እዚህ ይቀበሩ ወይስ አገር ቤት ይላኩ?» እየተባለ ቤተሰቡ ሁለት ቀን ተከራከረ። መዋጮው ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው የእሳቸው ቃል ነበር። እርማችንን ያወጣነው ያን ጥያቄ እንደያዝን ነው።

በምንኖርበት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ፣ የመንግሥት የሕክምና ክፍያ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ስለ ሕክምናው ያለውን ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር እንደሚችል እንዲነግሩት ያዛል። ወረቀቱን በጤናችን ጊዜ፣ ከቤተሰባችን ጋር ተመካክረን እንሙላው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በየሳምንቱ ተራ ገብተን አረጋውያንን እንጎብኝ፤ ቡና ተፈልቶ ታሪካቸውን እንስማ፣ በድምፅም እንቅረጽ። ደግሞም የት መቀበር እንደሚፈልጉ በአክብሮት እንጠይቃቸው። ዕድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻዎቹ ዓመታትም ይድረስ።

የከርሞ ሰው ይበለን።