«ማን ያገባታል?» የሚሉ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች
(በማኅበራችን የጁምዓ ስብሰባ ጅዳ ላይ የተደረገ ንግግር። የመካ እህቶች በስልክ ተከታትለውታል።)

መካ ያላችሁ ድምፄ ይሰማችኋል? ካልተሰማችሁ ጻፉልን፣ ስልኩን አስጠጋዋለሁ። አስር ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠኝ፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በረንዳ ስታጸዳ ወድቃ እግሯን ያጣችው እህታችን አገር ከገባች አምስት ወሯ ነው። ያዋጣነው ገንዘብ ደርሷታል። አሁን ደግሞ ትዳር ፈላጊዎችን የሚያገናኝ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ደውሎልናል። «ልጅቷን አገናኙን፣ እናቀርባታለን፣ ባል ታገኛለች፣ ሕዝቡም ይረዳታል» ነው የሚሉት። ከኛ ግማሹ «እሰየው፣ ስልኳን እንስጣቸው» አለ። ግማሹ ዝም አለ። እኔ ዝም ካሉት ውስጥ ስላልነበርኩ ነው ዛሬ ተናገሪ የተባልኩት።

ስለነዚህ ፕሮግራሞች ከየት አወቅሽ ትሉ ይሆናል። የምሠራበት ቤት ከተወለደች ጀምሮ በእግሯ የማትሄድ የ24 ዓመት ልጅ አለች። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ እንግሊዝኛው ለሷ እንደ ውሃ ነው። ማታ ማታ እግሯን ሳሽላት አብረን ቴሌቪዥን እናያለን። ያልገባኝን በዓረብኛ ትነግረኛለች። የፈረንጆቹን የፍቅር ፕሮግራም እንዲህ አድርገን አየነው። ምን አለፋችሁ፣ እኔ ለሳቁ ብዬ ስቀመጥ እሷ ትናደዳለች፤ ከዚያ ለምን እንደተናደደች ስታስረዳኝ እኔም እናደዳለሁ።

እንግሊዝ አገር ቻናል ፎር የሚባል ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2020 «ዘ አንዴተብልስ» የሚባል ፕሮግራም አሳይቷል። ስሙ በኛ ቋንቋ «ለፍቅር የማይፈለጉት» እንደማለት ነው። የሚቀርቡት ኦቲዝም ያለባቸው፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ ፊታቸው የተለየ፣ ሳይፈልጉ ድምፅ የሚያወጡና የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ናቸው። መግቢያው ላይ ክንፍ ያለው ሕፃን ቀስት ይወረውርና የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎች ይጥላቸዋል፤ ያን ጊዜ «የሚፈለጉት» ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነው። መንገድ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ላይ ግን የሰዎቹ ፊትና ያ ስም ነበር ጎን ለጎን የወጣው፤ በዚያም ብዙ ሰው ተቆጥቷል። አስቡት እስቲ፤ አስፋልት ዳር የኔ ፎቶ ተሰቅሎ ከአጠገቡ «የማትፈለግ» የሚል ቢጻፍ፣ ቴሌቪዥን ያላየ ሰው ቀስቱን ከየት ያመጣዋል? ያነበበውን ይዞ ይሄዳል።

ሌላው «ላቭ ኦን ዘ ስፔክትረም» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አውስትራሊያ ተጀመረ፣ በኋላ ኔትፍሊክስ ወሰደው፣ በ2022 የአሜሪካኑ መጣ። የሚቀርቡት ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ናቸው። ኦቲዝም ለማታውቁት፣ አእምሮ ነገሮችን በሌላ መንገድ የሚቀበልበት ተፈጥሮ ነው፤ አንዳንዱ ብዙ ይናገራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይናገርም፣ ድምፅና ግርግር የሚከብደውም አለ። እኔ ይሄን ፕሮግራም ወድጄዋለሁ። ልጆቹ ስለራሳቸው በራሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት፣ ከተናገሩትም ውስጥ ብዙ ዕውቀት አለ። የወደድኩትንም ነገር ግን መንቀፍ እችላለሁ። ሙዚቃው የሕፃናት ካርቱን ነው የሚመስለው። ሰላሳ ዓመት የሞላው ሰው ሸሚዙን ቆልፎ ሴት ሊያገኝ ሲሄድ ከኋላው ቲንግ ቲንግ የሚል ሙዚቃ ይለቁበታል። ሲያስተዋውቁትም «ይሄን ይወዳል፣ ያንን ይጠላል» እያሉ እንደ ሱቅ ዕቃ ይዘረዝሩታል። ደግሞ ኦቲዝም ያለበትን የሚያገናኙት በአብዛኛው ኦቲዝም ካለባት ጋር ነው። የኛዋ ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ «ዊልቸር ለዊልቸር!» ትላለች፤ የመኪና ጎማ ሲገዛ ጥንድ ጥንዱን እንደሚባለው።

ከሁሉም የመረጥኩት «ፈርስት ዴትስ» የሚባለውን ነው፤ እሱም የቻናል ፎር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ሽማግሌውም፣ ባሏ የሞተባትም፣ አካል ጉዳተኛውም እዚያው ነው ያለው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ እጅ የሌለው ሰው ቢቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ጉረኛ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠየቁት፣ እንደገና ትገናኛላችሁ ወይ የሚል። እምቢ የተባለም በሰውነቱ እምቢ ይባላል።

አሁን ወደኛው እንምጣ። የኛ አገር ፕሮግራም ቀስትም የለው፣ ካርቱንም የለው። የኛ ልቅሶ ነው። በበዓል ቀን አንድ ባልና ሚስት ይጋበዛሉ፣ ሚስቲቱ ማየት አትችልም እንበል። ጠያቂው ወደ ባልየው ዞሮ «እንዴት ልታገባት ወሰንክ? ቤተሰብ ምን አለህ?» ይለዋል። ፒያኖው ይጀምራል። ተመልካቹ ያጨበጭብለታል፣ «አንተ መልአክ ነህ» ይለዋል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች። «አንቺስ እሱን ለምን መረጥሽው?» የሚላት የለም። እኔ እንደዚህ ያለ ፕሮግራም ስንቱን እንዳየሁ አልቆጠርኩም፣ ይሄን ጥያቄ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም። ሰውየው ያንኮራፋል? ይቆጣል? ጫት ይቅማል? ለሷ ይመጥናል? እሷን መውደድ እንደ ምጽዋት ከተቆጠረ፣ የተመጸወተ ደግሞ አይመርጥም። ከዚያ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመጣል።

አንድ ቃል አለ በአማርኛም በዓረብኛም አንድ የሆነ፤ እኛ «ምስኪን» እንላለን፣ እነሱ «ሚስኪን» ይላሉ። የኛዋን ልጅ ዘመድ በመጣ ቁጥር ግንባሯን ስሞ «ሚስኪና» ይላታል። ሁለት መቶ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፍ ልጅ እኮ ናት! ባሏ የተመታት፣ ልጇ የጠፋባት ጎረቤት ሚስኪና አትባልም፤ እሷ ቁጭ ባለችበት ትባላለች።

ታድያ የኛ አገር ተረትም ያው ነው። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» እያልን ነው ያደግነው። ከጓሮ ያለፈች አንዲት የወሎ ልጅ ልንገራችሁ። የትነበርሽ ንጉሤ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1982 አማራ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ያን ጊዜ እዚያ አገር ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ነው የምትዳረው፤ ዓይኗ የጠፋውን ግን ማን ያገባታል? ለትዳር አትሆንም ተባለች። እና ምን ሆነ? ትምህርት ቤት ገባች። ሻሸመኔ በካቶሊኮች የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፣ በ2005 አካል ጉዳተኞችንና ልማትን የሚመለከት ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆና አቋቋመች፣ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ትናገራለች። በኋላም ጊዜው ሲደርስ፣ በራሷ ፈቃድ ትዳር መሠረተች።

እኔ ከሳይንት ሩቅ አይደለም የተወለድኩት። ይሄን ታሪክ ስሰማ የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። «ለትዳር አትሆንም» ያሏት ሰዎች የፈረንጁን ፕሮግራም ስም ከነሱ በፊት አውጥተውት ነበር፤ ቴሌቪዥን ግን አልነበራቸውም። ሌሎቹ ጤነኛ የተባሉት የሰፈር ልጆች ደግሞ ተፈልገው ነው የተዳሩት፣ ያውም ሳይጠየቁ። መፈለግ ብቻውን ጥቅም አይደለም ማለቴ ነው። ከኛ ውስጥም ይሄን በራሷ የምታውቅ አለች፣ እጅ ማውጣት አያስፈልግም።

አውስትራሊያዊቷ ስቴላ ያንግ በዊልቸር የምትሄድ ቀልደኛና ጋዜጠኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገችው ንግግር አካል ጉዳተኛን የሌላው ሰው መጽናኛ የማድረግን ነገር አንስታ ነበር። ሰው እሷን ሲያይ «የኔስ ይሻላል» ብሎ ደስ እንዲለው አልፈልግም አለች። በዚያው ዓመት አረፈች። የኛ የበዓል ፕሮግራም ሥራው ያ ነው እኮ፤ ዶሮ ወጡን በልተን፣ አልቅሰን፣ «አልሐምዱሊላህ» ወይ «ተመስገን» ብለን እንተኛለን። የቀረበችው ልጅ ግን ነገ ጠዋት ያው ደረጃ ነው የሚጠብቃት።

ጥሩ አድርጎ የሠራ የለም ወይ ካላችሁ፣ ግብፆቹ አላቸው። «ኪት ካት» የሚባል ፊልም አለ፣ የ1991፣ ማሕሙድ ዓብደል ዓዚዝ የሠራበት። ሼኽ ሑስኒ ዓይነ ስውር ነው። ሐሺሽ ያጨሳል፣ ይዋሻል፣ ሴት ይወዳል፣ ዑድ ይጫወታል፣ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ሞተር ሳይክል ይነዳል። ማንም መልአክ አይለውም፣ ማንም ምስኪን አይለውም። ማዳም ይሄን ፊልም ስታይ ትስቃለች፣ ልጇም ትስቃለች፤ እዚያ ቤት ሁለቱ አብረው የሚስቁበት ሌላ ነገር አላየሁም።

ሕጉንም ባጭሩ ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የሚባል አለ። ሳዑዲ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀውታል። አንቀጽ 23 አካል ጉዳተኛ የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት እንዳለው ይናገራል፣ በነፃና በሙሉ ፈቃዱ። አንቀጽ 8 ደግሞ መገናኛ ብዙኃንን ይነካል፤ አካል ጉዳተኞችን ከስምምነቱ ዓላማ ጋር በሚስማማ መንገድ እንዲያቀርቡ መበረታታት አለባቸው ይላል። ወረቀት ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ስልክ ሲደውልላችሁ ግን ወረቀት መጥቀስ ይጠቅማል።

ይሄ ነገር እኛን ከሌላው ሰው በላይ ነው የሚነካን። መስኮት የምንጠርገው እኛ ነን፣ የፈላ ዘይት አጠገብ ሌሊት የምንቆመው እኛ ነን። መካ ያላችሁት ደግሞ ሐረም ውስጥ ዊልቸር ስትገፉ ትውላላችሁ፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ለዊልቸር የተለየ መንገድ አለ፣ እዚያ ላይ ያለው ሰው እንደማንኛውም ሰው ዒባዳውን ነው የሚያደርገው። ቪዲዮ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ስጦታ እየተወረወረ «እስቲ እግርሽን አሳዪን» ሲባል አይታችኋል። ገንዘብ ከተሰበሰበላት በኋላ የሚመጣው ባል ደግሞ ለማን እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? ሒሳብ ቁጥሯን አገር ሁሉ ያየው ሴት ጋ የሚመጣ ሽማግሌ ይበዛል።

እና እኔ ምን አደረግኩ፣ እሷኑ ደወልኩላት። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም ነበር። «ባል አልፈልግም አላልኩም» አለችኝ። መጀመሪያ ግን ሰው ሠራሽ እግሩን ትፈልጋለች፤ ደሴ የሚሠራበት ማዕከል አለ፣ ተመዝግባለች። ቀጥሎ እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ትፈልጋለች፣ ለምጣዱ ያዋጣነው ይበቃል። ስለ ፕሮግራሙ ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «ወንዶቹስ ደሞዛቸው ይጠየቃል?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ቁም ነገር ተነጋገርን። ብትቀርብ እንኳ የጉዳቷን ነገር አንዴ ተናግራ እንድታልፍ፣ ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት እሷ እንድታየውና የማትፈልገውን እንድታስቆርጥ፣ የሚመጡትን ወንዶች እሷም እንድትጠይቅ፣ ሒሳብ ቁጥር እንዳይወጣ ትፈልጋለች። ፒያኖውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ይሄንኑ ለቻናሉ ጻፍኩላቸው። ወንዶቹን ትጠይቅ የሚለውን እሺ አሉ፣ እንዲያውም ወደውታል። ቀድማ ትየው የሚለውን «እናስብበታለን» አሉ። ሒሳብ ቁጥሩን ግን «ያለ እሱ ተመልካች አይቆይም» ብለው መለሱልኝ። ነገርኳት። እስከ ሐሙስ ልታስብበት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ሐሙስ ማታ እደውልላታለሁ፣ የምትለውን በግሩፑ አሳውቃችኋለሁ። እስከዚያ ስልኳን ማንም ለማንም እንዳይሰጥ። መካ ያላችሁ፣ ይሄ የመጨረሻው ተሰምቷችኋል?