ትንንሽ ወታደሮችና የታሪክ እውነት



በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች አሰልፎ መዋጋት የሕፃን ጨዋታ ነው የሚል አይጠፋም። እስቲ ሥራውን እንመልከተው። ምስሉ ተገጣጥሞ ልብሱ በቀጭን ብሩሽ ከተቀባ በኋላ፥ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ቢደረግበት በእጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሠራል። ከዚያም በመቆሚያ ላይ ይለጠፋል፤ ሙጫና አሸዋ መሬት ያስመስሉለታል። መቆሚያው ግን ለጌጥ ብቻ አይደለም። አንድ ሻለቃ ጦር በግንባር ምን ያህል ስፍራ ይይዝ እንደ ነበር የሚወስነው ስፋቱ ነውና፥ እርሱ ከተሳሳተ ሰልፉም ይሳሳታል።

ለዚህ ምስክሬ እንግሊዛዊው መኮንን ዊልያም ሳይቦርን ነው። በ1815 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተደረገውን የዋተርሉን ውጊያ በትንንሽ ምስል ሠርቶ እንዲያሳይ በ1830 ታዘዘ። በውጊያው ሜዳ ባለ እርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ለመኮንኖቹም «ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጦራችሁ የት ነበር?» እያለ ጻፈ። ለሁለት ሰው አንድ ምስል እየቆጠረ ከ70,000 በላይ አቆመ።

ነገሩ የከረረው በፕሩስያኖች ነው። ሳይቦርን ባገኘው ማስረጃ ልክ አበዛቸው፤ ዌሊንግተንና ወገኖቹ ግን ድሉን የፕሩስያ ያስመስላል ብለው አልወደዱትም። መንግሥት ገንዘቡን ስላቋረጠ ዕዳው በራሱ በሳይቦርን ላይ ወደቀ። ሥራው በ1838 በለንደን ታየ፤ በኋላም ብዙዎቹን ፕሩስያኖች ከሜዳው አነሣ።

ማንሣት ነበረበትን? እኔ አልነበረበትም እላለሁ፤ የታሪክ ክፍል ጓደኞቼ ይሞግቱኝ።