የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክን መቼ መጎብኘት ይሻላል?

በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የጉብኝትን ጊዜ የሚወስነው ውኃ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ይህ ፓርክ ያረፈው ባሮ፣ አልዌሮና ጊሎ የተባሉት ወንዞች ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ እየወረዱ በሚያረሰርሱት ቆላማ ሜዳ ላይ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑ ወንዞቹ ሲሞሉ ከዳርቻቸው አልፈው ይተኛሉ፤ ሲጎድሉ ረግረግና ኩሬ ትተው ይሄዳሉ። ሣሩም፣ መንገዱም፣ እንስሳቱም ይህንኑ ይከተላሉ።

ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጎማ ላይ እየተለጠፈም ብርቱ የመስክ መኪና ሳይቀር ያስቆማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ወደብ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላባቸው በእነዚሁ ወራት ነበር። ለመርከብ የተመቸው ወቅት ለመኪና አይመችም፤ በክረምት ፓርኩን ማሰስ አድካሚ፣ ትርፉም ጥቂት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናቡ ያባራል፤ ሙቀቱም ገና አልበረታም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች በረግረጉ ዙሪያ ስለሚገኙ ወቅቱ ለወፍ ተመልካች መልካም ነው። ሆኖም ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር ገና ስላልተቃጠለ ትልልቆቹን እንስሳት ይሸሽጋቸዋል።

ለአብዛኛው ጎብኚ የሚሻለው ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። አፈሩ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ መንገድም ይከፈታል። አሮጌው ሣር በእሳት ከጠፋ በኋላ ከጥቁሩ አመድ ሥር ለጋ ቡቃያ ብቅ ይላል፤ ግጦሽ ፈላጊውም ወደዚያ ይሳባል። ውኃ በጥቂት ቦታ ስለሚወሰን ዝሆን፣ ጎሽና የናይል ሌችዌ የተባለው አንቴሎፕ ከወንዝና ከረግረግ ብዙ አይርቁም። ዕድል የቀናውም በጫማ መሰል ምንቃሩ የታወቀውን ሹቢል የተባለውን ወፍ ያያል።

የፓርኩ ታላቅ ትዕይንት ግን ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ቀንዳምና ጆሮው ነጭ ሲሆን ሴቷ ቀንድ የላትም፤ መልኳም ቀይ ዳማ ነው። መንጋው ዝናብና ሣር እየተከተለ በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን መካከል ይመላለሳል። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የደቡብ ሱዳን የአየር ላይ ቆጠራ በፍልሰት የሚጓዙትን የቆርኬና የመሰል እንስሳት ቁጥር ወደ 6 ሚሊዮን ገምቶታል፤ አብዛኛውም ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ዝናቡ ሲፈጥንና ሲዘገይ ጉዞውም አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ይህን ለማየት የሚነሣ ሰው መንጋው የት እንደደረሰ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የበጋው ዋጋ ሙቀት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ቀትሩ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ማለዳውንና አመሻሹን መጠቀም ይበጃል፤ ያን ጊዜ እንስሳቱም ከጥላ ወጥተው ይግጣሉ። የወባ መከላከያ ደግሞ በየትኛውም ወቅት የማይዘነጋ ነው።

በእነዚሁ ደረቅ ወራት የኑዌር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ወንዝ ያወርዳሉ፤ አኙዋኮችም በወንዝ ዳር ያርሳሉ፣ ያሠግራሉም። ጎብኚ የሚደርሰው ሰው፣ ከብትና አውሬ አንድ ውኃ በሚጋሩበት ሰዓት ነውና የአካባቢውን ልማድ የሚያውቅ መሪ መያዝ፣ የድንበሩን ጸጥታ አጣርቶ መነሣትና ከውኃው ዳር ራቅ ብሎ መመልከት ግዴታው ነው።